በመዝገብ ያልተጻፈ በዓል

በመርሳ ከተማ በትምህርት መክፈቻ ሰሞን ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል

 

እኔ በጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ደብዳቤ የምገለብጥና መዝገብ የምጠብቅ ሰው ነኝ እንጂ በአደባባይ መናገር የለመድሁ አይደለሁም። የተማርሁትም በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ፊደልና ዳዊት፥ ኋላም ጥቂት ቅኔና ባሕረ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ተናገር ብላችሁ ስላዘዛችሁኝ፥ ከመጻሕፍት ያገኘሁትን በራሴ ላይ ከደረሰው ነገር ጋራ አስተባብሬ ጥቂት ቃል እናገራለሁ። ብሳሳት እናንተ አርሙኝ።

የነገሬ መነሻ ይህ ነው። ከአገሩ ርቆ በሰው አገር የሚያስተምር መምህር፥ የአገሩ በዓል በሆነበት ቀን እንዴት ይውላል? ከእናንተ መካከል፥ «ይህ ምን ትልቅ ነገር ነውና ሸንጎ ተሰብስቦ ይሰማዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም አስቀድሞ እንዲሁ አስብ ነበር።

በዓል ሁለት ወገን ነው። አንዱ የሃይማኖት በዓል ነው፤ ሁለተኛው የአገር በዓል ነው። የሃይማኖት በዓል ሰውን ተከትሎ ይሄዳል። ከሩቅ አገር የመጣ ሙስሊም መምህር በመርሳ ቢቀመጥ፥ የዒድ ቀን ሲደርስ ከጎረቤቱ ጋራ ሰግዶ ከጎረቤቱ ጋራ ይበላል። ክርስቲያንም ቢሆን፥ የቀኑ ቍጥር ቢለያይ እንኳ፥ ልደትንና ትንሣኤን የሚያከብር ሕዝብ ያገኛል። የአገር በዓል ግን እንዲህ አይደለም፤ ድንበር ሲደርስ ይቀራል። እኛ የካቲት 23 ቀን የዓድዋን ድል ስናከብር፥ ያው ቀን በሌላ አገር ገበያ የሚቆምበት፥ ደወል ተደውሎ ትምህርት የሚጀመርበት ተራ ቀን ነው። በዚያ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ በልቡ በዓል አለው፤ በደጅ ግን ምንም የለም። ጠመኔውን ይዞ በጥቁር ሰሌዳው ፊት ይቆማል። «ዛሬ ለእርስዎ ምን ቀን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ ሰው ካላገኘ፥ በዓሉ በልቡ ነግቶ በልቡ ይመሻል።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከራሴ ጥፋት ነው። ጥፋቴንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

በ2007 ዓ.ም. በዚሁ በወሎ ምድር በአንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ጸሓፊ ሆኜ እሠራ ነበር። በዚያም ከህንድ አገር፥ በስተ ደቡብ ምዕራብ ካለው ኬረላ ከሚባለው ክፍል የመጡ አንድ የሒሳብ መምህር ነበሩ። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፥ ንግግራቸው ዝግ ያለ፥ ጠባያቸው የታረመ ሰው ናቸው። ጥር 18 ቀን ሰኞ ጧት ነጭ አዲስ ልብስ ለብሰው፥ በደረታቸውም ላይ የባንዲራቸውን ቀለም የያዘ ትንሽ ምልክት አድርገው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ገቡ። በሌላ ከተማ የሚያስተምሩ የአገራቸው ሰዎች ተሰብስበው የአገራቸውን በዓል ሊያከብሩ ነውና፥ ከእነርሱ ጋራ ለመዋል ፈቃድ ለመኑ። የዚያን ቀን ትምህርት በሌላ ቀን እንደሚተኩም ቃል ሰጡ።

እኔም መዝገቡን ገለጥሁ። በዚያ መዝገብ የመንግሥት በዓላት በተራ ተጽፈዋል። ጥር 11 ቀን ጥምቀት አለ፤ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ አለ፤ በመካከላቸው ግን ባዶ ነው። «ይህ በዓል በመዝገባችን የለም፤ በጽሑፍ አመልክተው ነገ ይምጡ» አልኋቸው። እሳቸውም አልተከራከሩኝም። በደረታቸው ያለውን ምልክት በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፥ «ነገማ በዓሉ ያልፋል» ብለው ወጡ። እንደ ወትሮውም ሲያስተምሩ ዋሉ፤ ትምህርት ሲያበቃም መኪና የሚያዝበት ሰዓት አልፎ ነበር።

በትምህርት ቤቱ በር አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሩ። ፊደል ያልቈጠሩ፥ የውጭ አገር ቋንቋም የማያውቁ ሰው ናቸው። ማታ ሲሆን እኒያን መምህር በበረንዳቸው ብቻቸውን ተቀምጠው አዩአቸው። ወዲያው አንድ ተማሪ ጠርተው፥ «መምህሩ አዲስ ልብስ ለብሰዋል፤ ፊታቸው ግን የደስታ ፊት አይደለም፤ ዛሬ በአገራቸው ምን ቀን እንደ ሆነ ጠይቅልኝ» አሉት። ተማሪውም ጠይቆ ነገራቸው። ያን ጊዜ ዘበኛው ባለቤታቸውን ቡና አስፈልተው፥ ቈሎ አስቈልተው፥ ዕጣን አስጪሰው፥ ጎረቤት ጠርተው፥ አቦሉንና ቶናውን በረካውንም ከመምህሩ ጋራ ጠጡ። በመጨረሻም በወሎ ልማድ እጃቸውን ዘርግተው፥ ስሙን እንኳ አስቀድመው ላልሰሙት ለኬረላ አገር ሰላምንና ዝናምን ለመኑለት።

በማግሥቱ ዘበኛው ወደ እኔ መጥተው፥ «ልጄ፥ አንተ መዝገቡን አየህ፤ የሰውየውን ልብስ ግን አላየህም» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን ይህ ነው። ጥር 18 ቀን በእኛ ዘንድ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዝርወተ ዐጽሙ የሚታሰብበት ዕለት ነው። በዚያ ጧት እኔ ራሴ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ፥ በዓሌን አክብሬ፥ ጥቂት ዘግይቼ ነበር ወደ ሥራዬ የገባሁት። ማንም መዝገብ ገልጦ አልከለከለኝም። የእኔን በዓል በልቤ ይዤ የሰውየውን በዓል ከመዝገብ ፈለግሁት።

ወደ መምህሩ ሄጄ ይቅርታ ለመንሁ፤ ስለ በዓሉም ጠየቅሁ። እሳቸውም በትዕግሥት አስረዱኝ። ህንድ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ የወጣችው በ1939 ዓ.ም. ነሐሴ 9 ቀን ነው። የራሷ ሕገ መንግሥት ጸንቶ ሪፑብሊክ የሆነችው ግን በ1942 ዓ.ም. ጥር 18 ቀን ነው። ይህም ቀን እንዲያው አልተመረጠም። ከዚያ 20 ዓመት አስቀድሞ፥ በ1922 ዓ.ም. ጥር 18 ቀን፥ የነጻነት ታጋዮች ፍጹም ነጻነት ካልሆነ በቀር ሌላ አንቀበልም ብለው በአገሩ ሁሉ ያከበሩት ቀን ስለ ነበረ፥ ያ ቀን እንዳይረሳ ሕገ መንግሥቱን በእርሱ ላይ አጸኑት። እኔም ይህን በሰማሁ ጊዜ፥ ሒሳብ ብቻ ያስተምራሉ ብዬ ከማስባቸው ሰው አንድ ሙሉ የታሪክ ትምህርት አገኘሁ። ከአንድ ቀን በፊት ብጠይቅ ኖሮ፥ ተማሪዎቹ ሁሉ በሰሙት ነበር።

ከዚያ ወዲህ፥ የእኛ ሰዎች በሰው አገር ሲያስተምሩ እንዴት እንደ ኖሩ መመርመር ጀመርሁ። ለሌላው የምንነፍገው ነገር ለእኛ ተሰጥቶ እንደ ነበረ አገኘሁ።

የመጀመሪያው የዚሁ የእኛ ምድር ሰው ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉት መነኵሴ የተወለዱት በጥንቱ ቤተ አምሐራ፥ ዛሬ ወሎ በምንለው ምድር፥ በመካነ ሥላሴ ነው። በስደት ከአገራቸው ወጥተው በሮም ተቀምጠው ሳሉ፥ በ1649 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግእዝን ከመጽሐፍ ብቻ ለመማር የደከመ ሰው ነበር፤ ከእሳቸውም ጋራ ተቀምጦ የቋንቋውን ነገር ይጠይቃቸው ጀመር። በ1652ም መስፍኑ ኤርንስት ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ከተማ አስመጡአቸውና ጥቂት ወራት በዚያ ተቀመጡ። መስፍኑ ስለ ኢትዮጵያ ነገሥታት፥ ስለ ሃይማኖቷና ስለ ልማዷ ጠየቁ፤ አባ ጎርጎርዮስ መለሱ፤ ሉዶልፍም ያንን ሁሉ ጻፈ።

እንግዲህ ከዚህ መጠየቅ ምን እንደ ተወለደ ተመልከቱ። በ1661 የግእዝ ሰዋስው ታተመ፤ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ ታተመ፤ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ታተሙ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን ሁሉ ለማየት አልደረሱም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው በእስክንድሮና አጠገብ ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። የአማርኛው ሰዋስው የታተመው መምህሩ ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። አንድ ሰው እንግዳውን ስለ አገሩ በመጠየቁ፥ የእኛ ቋንቋ በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ ገባ።

ሁለተኛው አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ናቸው። በበጌምድር ተወልደው፥ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማሩ፥ ቅኔም ያወቁ፥ ኋላ የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የሚባለውን መጽሐፍ የጻፉ ሊቅ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1897 ዓ.ም. ወደ በርሊን ልከዋቸው፥ በዚያ በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት እስከ 1900 ዓ.ም. ድረስ አማርኛ አስተምረዋል።

እኔም አለቃ ታየ በበርሊን ያገኙትን ዘመን መለወጫ በባሕረ ሐሳብ ቈጥሬ አየሁት። 1899 ዓመተ ምሕረትን ወስደን 5500 ብንጨምርበት ዓመተ ዓለሙ 7399 ይሆናል። ይህ ለአራት ሲከፈል 1849 ደርሶ 3 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ ነው። 7399ና 1849 ሲደመሩ 9248 ይሆናሉ፤ ይህም ለሰባት ሲገደፍ 1 ይተርፋል፤ እንግዲያስ መስከረም 1 ቀን የዋለው ማክሰኞ ነው። በጀርመኖች ቍጥር ያ ቀን ሴፕቴምበር 11 ቀን 1906 ነበር። በዚያ ዘመን ጀርመኖች የራሳቸውን የድል ቀን ሴፕቴምበር 2 ቀን ያከብሩ ነበር፤ ይህም በእኛ ነሐሴ 27 ቀን ነው። ከተማው በባንዲራ ካሸበረቀ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የኢትዮጵያው መምህር ቀን ደረሰ፤ ለከተማው ግን እንደ ማናቸውም ማክሰኞ የሥራ ቀን ነበር።

በዚህም ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በሚከተለው ዓመት ዘመን መለወጫ የዋለው በሴፕቴምበር 12 ቀን ነው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለችና። ስለዚህ አንድ መልካም ጎረቤት ያለፈውን ዓመት ቀን አስታውሶ በሴፕቴምበር 11 እንኳን አደረሰዎ ለማለት ቢመጣ፥ አንድ ቀን ይቀድማል። የእንግዳውን በዓል አንድ ጊዜ ሰምቶ አወቅሁ ማለት አይበቃም፤ በየዓመቱ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። እሳቸው በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በኢጣሊያ አገር በናፖሊ ከተማ አማርኛ አስተምረዋል፤ ልብ ወለድ ታሪካቸውም በ1908 በሮም ታትሟል። የእሳቸውን ነገር የማነሣው ስለ አንድ ጭንቅ ጥያቄ ነው። የካቲት 23 ቀን ለኢትዮጵያዊ የድል ቀን ነው፤ በኢጣሊያ ግን የሽንፈትና የሐዘን ቀን ነው። ከዚህ ከመርሳ በስተ ደቡብ፥ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ውጫሌን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን በስሟ የተጠራው ውል ተፈረመ፤ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ ነገር፥ በኢጣሊያንኛ ሌላ ነገር ስለ ተናገረ፥ ጠቡ እስከ ዓድዋ ደረሰ። ነገ ከኢጣሊያ አገር የመጣ መምህር በትምህርት ቤታችን ቢኖር የካቲት 23ን እንዴት እናከብራለን? ድላችንን አንደብቅም፤ እንግዳውን ግን አንሰድብም። የተሸነፈው የቅኝ ገዥው ምኞት መሆኑን ለልጆቻችን እናስረዳለን። እንግዳውም አብሮን ቢቆም ከክብሩ አይጐድልም፤ ከክብራችንም አይጐድልም።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ የመጡትን እናስብ። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፥ መምህራኑን ያስመጡት ከግብጽ አገር ከቅብጦች ወገን ነው። ለእነዚያ መምህራን መስከረም 1 ቀን እንግዳ ቀን አልነበረም። ቅብጦች ከ284 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በሚቈጥሩት በዓመተ ሰማዕታት አዲስ ዓመታቸው የሚገባው በዚሁ በእኛ ቀን ነውና። አሜሪካኖች ግን እንዲህ አይደሉም። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ270 የሚበልጡ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየአውራጃው ተበተኑ። የአገራቸው ሕግ የምስጋና በዓልን በኖቬምበር ወር በአራተኛው ሐሙስ አድርጎታል፤ በዚያም ዓመት ኅዳር 13 ቀን ዋለ። በዓሉ መከር ከገባ በኋላ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ የሚበላበት ቀን ነው። ይህም የእኛ የሀብሩ ገበሬ ማሽላውን የሚሰበስብበት ወራት ነው። የመከር ምስጋና ምን እንደ ሆነ ከገበሬ በላይ ማን ያውቃል? ነገር ግን አንዱ የሌላውን ካልጠየቀ፥ ሁለት የመከር ምስጋና ጎን ለጎን ሆኖ ሳይተዋወቅ ያልፋል።

ክቡራን ሽማግሌዎች፥ በዓልን ከቤት ርቆ መዋል ምን እንደ ሆነ እኛ ከሌላ ሰው መስማት አያስፈልገንም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ቤቱን ትቶ ተሰደደ። የ2014 ዓ.ም. እንቁጣጣሽና መስቀል የደረሰው በዚያ መካከል ነው። ከተሰደዱትም ብዙዎች በደሴ ከተማ በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ልጆች በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው፥ ጥቁሩን ሰሌዳ እያዩ በዓሉን ዋሉ። በዚያ ቀን በር አንኳኩቶ ትንሽ ዳቦ ወይም አንድ ጀበና ቡና ይዞ የገባን ሰው የሚረሳ አለን? የዳቦው መጠን ተረስቷል፤ የገባው ሰው ፊት ግን አልተረሳም። ነግ በእኔ ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ከነገሬ የሚከተለውን ምክር በአጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፥ ትምህርት ቤት ሁሉ በየዓመቱ መክፈቻ መምህራኑን ሁሉ፥ «የአገርህ በዓል መቼ ነው?» ብሎ ጠይቆ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ይህ ለውጭ አገር ሰው ብቻ አይደለም። ከአፋር፥ ከጎጃም፥ ከወለጋ ወይም ከሲዳማ ተመድቦ የመጣ መምህርም ቤቱ ሩቅ ነው። የሲዳማ ሰው ፍቼ ጨምባላላ በደረሰ ጊዜ ልቡ ወደ ሐዋሳ ይሄዳል፤ ሥጋው ግን በመርሳ በኪራይ ቤት ተቀምጧል።

ሁለተኛ፥ ያ ቀን ሲደርስ ከትምህርቱ ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ለመምህሩ ይሰጠው። አገሩን በካርታ ያሳይ፤ በዓሉ ከምን እንደ ተነሣ ይንገር። ተማሪዎችም ይጠይቁ። አንድ ሰው ስለ አገሩ በዓል የሚናገረው ነገር በመጽሐፍ ተጽፎ ከሚነበበው ይልቅ በልጆች ልብ ይቀመጣል።

ሦስተኛ፥ በእኛ በዓል ቀን እንግዳውን መምህር ብቻውን አንተወው። ነገር ግን ስንጠራው በማስተዋል እንጥራው። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም እየተጎራበተ ሲኖር፥ ድግስ በሆነ ጊዜ ለእያንዳንዱ በሃይማኖቱ የታረደውን ለይቶ ማቅረብ የአባቶቻችን ልማድ ነው። ለእንግዳውም እንዲሁ ይሁን። ከህንድ ሰዎች ሥጋን ጨርሶ የማይበሉ ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ ሽሮና ምስር፥ ጎመንና እርጎ ማቅረብ ከሙክት ይበልጥባቸዋል። አስቀድሞ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይጠይቁ የማይበላውን ፊቱ አቅርቦ «ብላ» እያሉ ማስጨነቅ ግን ነውር ነው።

አራተኛ፥ ይህ ለእናንተ ለመምህራን ነው። እንግዳ ሆናችሁ ወደ ሰው አገር በሄዳችሁ ጊዜ በራችሁን ዘግታችሁ አትቀመጡ። ሰው የማያውቀውን ቀን አያከብርላችሁም። ቀናችሁን ተናገሩ፤ ጎረቤታችሁንም ጥሩ። እኒያ የህንድ መምህር ለእኔ ለመናገር መጡ እንጂ አልደበቁም ነበር፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሆኖም በአንዱ በር ቢዘጋባችሁ ሌላውን አንኳኩ።

አምስተኛ፥ ይህ ለእኔና ለመሰሎቼ ነው። ጸሓፊ መዝገቡን መጠበቅ ግዴታው ነው፤ ሥርዓት ከሌለ ትምህርት ቤት አይቆምም። ነገር ግን መዝገብ የሰው ሥራ ነው፤ ባዶ ቦታ ካለበት መጻፊያው በእጃችን ነው። እኔም ከዚያ ጥር በኋላ አለቃዬን አስፈቅጄ፥ ከጥር 11ና ከየካቲት 23 መካከል ባለው ባዶ ቦታ «ጥር 18፥ የህንድ መምህራን የአገር በዓል፤ ሰዓታቸውን በሌላ ቀን ይተካሉ» ብዬ በእጄ ጻፍሁ። ነሐሴ 9ንም እንዲሁ ጻፍሁ። ይህን ለማድረግ የፈጀው ቀለም ከአንድ ጠብታ አይበልጥም።

አንድ ነገር ተናግሬ ላብቃ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም 4 ቀን፥ እንቁጣጣሽ ከዋለ በሦስተኛው ቀን፥ በኬረላ ኦናም የሚባለው የመከር በዓል ዋለ። በኬረላ ሂንዱም፥ ክርስቲያንም፥ ሙስሊምም በአንድነት ይኖራሉ፤ በዚህም ወሎን ይመስላል። ኦናም ሲደርስ ሰዎች በየደጃቸው በአበባ ክብ ሥዕል ይሠራሉ። ማሃባሊ የሚባል፥ በዘመኑ ሰው ሁሉ በእኩልነት ይኖር ነበር የሚሉት የጥንት ንጉሥ፥ በዓመት አንድ ቀን ሕዝቡን ሊጎበኝ ይመጣል ይላሉና፥ አበባው ለእርሱ መቀበያ ነው። እኒያም መምህር በዚያ ጧት ቤታቸው ደጅ ላይ አበባ ሲፈልጉ፥ የዘበኛው የልጅ ልጆች አዩአቸው። የመስከረም ወር ነውና አገሩ ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ልጆቹም እየሮጡ ሄደው በእቅፋቸው አምጥተው አፈሰሱላቸው። መምህሩም በጉልበታቸው ተንበርክከው፥ ቢጫውን በዙሪያ፥ ቅጠሉን በመካከል እያደረጉ ክቡን ሠሩ። እኔም ከጽሕፈት ቤት ወጥቼ ሳይ፥ ዘበኛው በዱላቸው ተደግፈው፥ «ዛሬስ ምን ቀን ነው?» ብለው በራሳቸው አፍ ሲጠይቁ ሰማሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ መምህሩ ጥቂት አማርኛ ለምደው ነበርና ያለ አስተርጓሚ መለሱላቸው።

መምህሩ ዛሬ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። እኔም ጥር 18 ቀን በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ስወጣ እሳቸውን አስባለሁ።

መምህራን ሆይ፥ ሽማግሌዎች ሆይ፥ በዚህ ዓመት ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት አዲስ መምህራን ከእኛ መካከል ተቀምጠዋል። ዛሬ ከዚህ ስንወጣ ስማቸውን ብቻ ጠይቀን አንለያይ፤ ቀናቸውንም እንጠይቃቸው። ዘመኑን የሰላም፥ የጤናና የትምህርት ዘመን ያድርግልን።